አፍ የሚያውቀው ግፊት

በቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ «በቀስታ ሳብ» ይላል። ቀስታው ምን ያህል ነው? እሱ አልተጻፈም።

ሥራችን ፓች ክላምፕ ይባላል፤ የአንዲትን የነርቭ ሴል ኤሌክትሪክ በቀጭን የመስታወት ቱቦ መመዝገብ ነው። ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን በ1976 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አሳዩት፤ በ1991 ኖቤል ተሸለሙበት። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተራቋል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ግን በብዙ ቤተ ሙከራ ዛሬም የሰው አፍ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ከመስታወቱ ጀርባ የላስቲክ ቱቦ ይቀጠላል፣ ጫፉን ተማሪው በከንፈሩ ይይዘዋል።

የአይጥ አንጎል ኦክስጅን በሚነፋበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በ0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ይህን እጅ ይለምደዋል። መከራው ከዚያ ወዲያ ነው። የመስታወቱ አፍ አንድ ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ ወደ ሴሏ ሲወርድ እንዳይቆሽሽ ትንሽ እፍ ይባላል። ሲደርስ የሴሏ ገጽ ስርጉድ ይላል። ያኔ እፍታው ይቆምና መሳብ ይጀመራል። መስታወቱና ሴሏ ከተጣበቁ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝርግ ይላል፤ ሬዚስታንሱ ከሚሊዮኖች ተነሥቶ ቢሊዮን ኦም ያልፋል። ቀጥሎ አንድ አጭር፣ ቆረጥ ያለ ሳብታ፤ ሽፋኑ ይበሳል። ከበዛ ሴሏ ትሞታለች፣ ካነሰ አትከፈትም። ያ መስታወት ደግሞ ለሌላ ሴል አይሆንም፣ ይጣላል።

እኔ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። የዜማው ምልክት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብራናው ላይ ከፊደሉ በላይ ተጽፏል፤ ሆኖም ሌላ አገር ድጓ የዘለቀው ሁሉ መምህሩ ፊት ሊያዜም እዚያ ይወጣል። ምልክቱ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለሰማ ጆሮ ነው። ስለዚህ «በወረቀት በግልጽ የሰፈረን ዘዴ ማንም ይደግመዋል» ሲሉኝ በግማሽ ልብ ነው የምሰማው።

አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣ ቱቦው ላይ የግፊት መለኪያ እሰካለታለሁ። እኔ ስስብ እሱ መለኪያውን ያያል፣ እሱ ሲስብ እኔ አያለሁ። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ሊያሰፍር ሲል ግን አስቆመዋለሁ፤ ለዚህኛው መስታወት የሠራው ግፊት ለሚቀጥለው አይሠራም።