ስለ ፍትሐ ነገሥት አራተኛ አንቀጽ

ፍትሐ ነገሥት በአራተኛው አንቀጹ ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው ወገን በገዛ ፈቃዳቸው ሊቀ ጳጳሳት እንዳይሾሙ ይከለክላል፤ ቃሉንም ለኒቅያ ጉባኤ ይሰጠዋል። የኒቅያ ቀኖናዎች ግን 20 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከነርሱ ጋር አልተቈጠረም። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጀው ግብጻዊው አል ሳፊ ኢብን አል ዐሳል ነው። የቃሉ ጉድለት ጥብቅነቱ አይደለም (ሕግ ሁሉ ጥብቅ ነው)፤ መንበሩ ባዶ ሲሆን ለዲያቆኑ ማን እጁን ይጫንበት ለሚለው ጥያቄ መልስ አለመስጠቱ ነው። አጼ ምኒልክን በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የቀቡት አቡነ ማቴዎስ ከግብጽ የመጡ ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ዘመን አቡነ አብርሃም ያለ እስክንድርያ ፈቃድ በተሾሙ ጊዜ ውግዘት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት እስክንድርያ ራሷ ፈቅዳ ነው፤ አንቀጹ ግን ሳይፋቅ እስከ ዛሬ ይነበባል።