የቱን ሆድ ነው የምትጠይቂኝ? ስለ እኛ የአእምሮ ጤና የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ

ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። ቦታዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቅርያት መላኺ፣ ገዴራና ያቭኔ። ጥናቱ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን የአእምሮ ጤንነት ለመለካት የታሰበ ሲሆን፣ መሠረቱ የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገር የሚጠቀምበት 20 ጥያቄ ያለው ቅጽ ነው። ራስ ምታት ያስቸግርዎታል? እንቅልፍ ይነሳዎታል? በቀላሉ ይደነግጣሉ? እያለ ይቀጥላል። መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ሌላ የለም።

ቅርያት መላኺ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና ተፈላ። ስለ ራስ ምታቱም፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጡም ጠየቅኋቸው፤ በትዕግሥት መለሱልኝ። «ሆድዎን ምቾት ይነሳዎታል?» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «የቱን ሆድ ነው የምትጠይቂኝ ልጄ? የምበላበትን ነው ወይስ የምችልበትን?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ለሁለቱ ሆድ የተለየ ሳጥን የለም። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ያ ምልክት በኋላ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ «የአካል ምልክቶች» ከሚለው ክፍል ጋር ተደመረ፤ የደመርኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እኛ የተጻፈ የሥነ ልቦና ጥናት በገጠመኝ ቁጥር በሴትዮዋ ጥያቄ ነው የማነበው።

አማርኛ የሚናገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይችላል። ሆደ ሰፊ የተባለ ሰው ተመስግኗል፤ ሆደ ባሻ የተባለ ደግሞ በጥንቃቄ ይያዛል። «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን ላለመናገር ወስኖ ነው። በምርምር ቋንቋ ግን ይህ ሁሉ ታጥፎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ኢትዮጵያውያን ስሜታቸውን በቃል ከመግለጽ ይልቅ በአካላቸው ይገልጻሉ ይባላል። ይህን ዓረፍተ ነገር በስንት ሴሚናር እንደሰማሁት አልቆጥረውም። እኔ የሚገርመኝ፣ «ልቤ ተሰብሯል» የሚልን ዕብራይስጥ ተናጋሪ ማንም ወደ ልብ ሐኪም አይልከውም። ንግግር እንደሆነ ይታወቅለታል። የእኛ ሆድ ግን በቀጥታ ወደ ጨጓራ ምርመራ ይላካል።

ነገሩን ማንም ሳያውቀው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ። ግን ታውቋል፣ ተጽፏልም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤን ኤዘር በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምግብ አልበላ ያሉ የእኛ ወጣቶችን ጉዳይ አንስቶ፣ ይህ ሐኪሞች ክብደት መቀነስን ከመፈለግ ጋር የሚያያይዙት የአመጋገብ ሕመም ነው ወይስ ኢትዮጵያዊ የሐዘን አያያዝ ብሎ ጠየቀ። ሆድ የስሜት ማስቀመጫ መሆኑን ተረዳ፤ በሐዘን የሞላ ሆድ ለእንጀራ ቦታ የለውም። እኛ ቤት ይህ ወሬ አይደለም፤ የሞተበት ሰው አልበላ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ እየለመነ ያጎርሰዋል እንጂ ስም አያወጣለትም። ያው ቤን ኤዘር በ2002 በወጣው መጽሐፉ በሱዳን በኩል የመጡ 45 ወጣቶችን የጉዞ ትረካ ሰብስቦ፣ ከመከራው ጎን የአይሁድነት ማንነትንና ጀግንነትን አብሮ አገኘ። ይህን መጽሐፍ የምወደው ለዚህ ነው። በዚያ ጉዞ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ከዚያ የተረፈውን ሰው በመከራው ብቻ መለካት ግማሹን መተው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው በ1995 ሻውል ሽራይበር የጻፈው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከበጌምድር የመጣች ስደተኛ ነች። በስደቱ ወቅት ሕፃኗ ሞቶባታል። ሐኪሞች ለሕመሟ የሰጡት ስምና እሷ የተሸከመችው ነገር ግን አልተገናኙም። በእኛ ወግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ቆይቶ፣ በውሃ ነጽቶ ወደ ሰው ይቀላቀላል። በሽሽት ላይ ያለች እናት ይህን የት ታድርገው? ሐዘኗም ርኩሰቷም ሳይዘጋ እስራኤል ድረስ አብሯት መጣ። ለሕክምናው የረዳው የማንጻት ሥርዓቱ ነበር። አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን አምኖ ለእንግሊዝ የሙያ መጽሔት መጻፉን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። አክስቴ ስለ መንገዱ ስትጠየቅ እጇን ደጋግማ የምትታጠበው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ፤ ጠይቄያት አላውቅም።

መጠይቁ ራሱም ቢሆን የሚያስተካክለው ሰው አላጣም። ራፊ ዮንግማን፣ ኔሊ ዚልበር፣ ፍቅሬ ወርቅነህና ሮበርት ጊል ያንን የ20 ጥያቄ ቅጽ ለኢትዮጵያውያን እንዲሆን አድርገው ሥራቸውን በ2008 አሳትመዋል። ጊል በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሐኪም ነው። እነዚህ ሰዎች ጥያቄ መተርጎም ብቻ አልበቃቸውም፤ ሕዝቡ ጭንቀቱን የሚናገርበትን ቃል ፈልገው ጨመሩበት። ታዲያ እኔ የተሸከምኩት ቅጽ ይህ አልነበረም። ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የተገለበጠ ነበር።

ለዚያውም ወደ የትኛው አማርኛ? «ድባቴ ይሰማዎታል?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ድባቴ የአዲስ አበባ ሬዲዮና ጋዜጣ ቃል ነው። በ1984 ከጎንደር ገጠር የወጡ ሰው ከየት ያምጡት? «ምንድን ነው እሱ?» ይሉኛል። «ድብርት» ብዬ ስለውጠው ደግሞ ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ለእነሱ ድብርት ማለት ሥራ ሲፈታ የሚመጣ ነው፣ «ሁሌ ይደብረኛል» ይላሉ። ያቭኔ ውስጥ የአፍ መፍቻቸው ትግርኛ የሆነ አባት ገጥመውኛል፤ እሳቸው በሁለተኛ ቋንቋቸው ነው የተጠየቁት። በሠንጠረዡ ላይ ግን ሁሉም «አማርኛ ተናጋሪ» ናቸው።

እስከዚህ ባህላችን ተረሳ ነው የምለው። አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልበል፤ ባህላችን ከመጠን በላይ የሚታወስበትም ቦታ አለ። ግሪሳሩ፣ ቡዶቭስኪና ዊትስቱም በ1997 ስለ ዛር የጻፉት ጽሑፍ ጠቃሚ ነው፤ ሕመም ነው ወይስ የባህል መገለጫ ብሎ በቅንነት ይጠይቃል። አንባቢው ግን ዛሩን ወደደው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ያወቀ መምህር ሁሉ ስለ ዛር ይጠይቀኛል። በሦስቱ ከተሞች ከገባሁባቸው ቤቶች ውስጥ ስለ ዛር ያነሳልኝ አንድም ሰው አልነበረም። ስለ ምን አወሩኝ ቢባል፣ ስለ ቤት።

ቅርያት መላኺ ውስጥ በጃንዋሪ 2012 የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። አንዳንድ የሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ወጣ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ወደዚያች ከተማ መጥቶ ሰልፍ ወጣ። ያቺ ሆዷን የምትችልበት እናት የምታውቀው ደረጃ፣ የምታውቀው ጎረቤት ነው። መጠይቄ ግን ስለ ሱዳን ይጠይቃል እንጂ ስለ ደረጃው አይጠይቅም። «አስደንጋጭ ነገር ደርሶብዎት ያውቃል?» የሚለው ክፍል ስለ ሽፍታ፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ መጠለያ ካምፕ ነው። ክፉው ነገር ሁሉ ከአውሮፕላኑ በፊት እንዳለቀ ታስቦ የተጻፈ ይመስላል።

ገዴራ፣ ሻፒራ ሰፈር ያገኘሁት ልጅ ካፕላን ሆስፒታል ነው የተወለደው። ሱዳንን በካርታ እንኳ ማሳየቱን እንጃ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ መመሪያው ለብቻ ጠይቂ ይላል፣ ግን እንግዳ ተቀብላ ቡና ያቀረበችን እናት ከሳሎኗ ውጪ ማን ይላት? ልጁ ሃያውንም «ሀኮል በሴዴር» ብሎ ጨረሰ። ዜሮ። ጤነኛ። ወደ አውቶቡስ ሲሸኘኝ ግን በዕብራይስጥ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ፖሊስ ስንት ጊዜ መታወቂያ እንደሚጠይቀው፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረኝ። ጭንቅላትህን ለባለሙያ ለምን አታሳይም አልኩት። የሁዳ ቢያድጋን ጠቀሰልኝ። በጃንዋሪ 2019 ባት ያም ውስጥ በፖሊስ ጥይት የተገደለው የ24 ዓመት ወጣት የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ቤተሰቡ የደወለው እርዳታ ፈልጎ ነው። «አያችሁ?» አለኝ ልጁ፣ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ «አያችሁ» እያለ። ጠያቂዎቹን ሁሉ ማለቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተመራማሪ «ታዲያ ቁጥሩን እንተወው?» ቢለኝ መልሴ አይ ነው። ከጁላይ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ኃላፊነት ወደ ቁፖት ሆሊም ተሻግሯል፤ እነሱ ደግሞ ቁጥር ያልቀረበለትን ችግር አይመድቡለትም። አማርኛ የሚያውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይቀጠር ለማለት ሠንጠረዥ ይፈልጋሉ። እኔ የምቃወመው ዜሮን ጤና ብሎ መጻፍን ነው። ቢያንስ ከሳጥኖቹ ጎን ጠያቂው የሚጽፍበት ባዶ መስመር ይኑር፤ ያ መስመርም ተነቦ ይቆጠር። ለገዴራው ልጅ ስለ ጎዳናው፣ ለቅርያት መላኺዋ እናት ስለ ደረጃው የሚጠይቅ ጥያቄ ይጨመር። ቃሎቹን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎንደር ከመጡ እናቶች ጋር ቁጭ ብሎ መምረጥ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው።

ሌላው ደግሞ መመለስ ነው። ያቭኔ ውስጥ አንዲት አሮጊት መጠይቁን ጨርሰን ስነሳ፣ «ውጤቱን መቼ ነው የምትነግሪኝ?» አሉኝ። የደም ምርመራ መስሏቸዋል ብዬ፣ «እማማ፣ ይሄ እንኳ ስለ እርስዎ ብቻ አይደለም፣ ስለ ሁሉም ሰው ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፣ «ስለ ሁሉም ሰው ያገኛችሁትን ነው የምልሽ»። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ያቭኔ አልደረሰም። ስልኬን ተቀብለውኝ ነበርና ሁለት ጊዜ ደውለዋል። በመጀመሪያው አላለቀም አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። በሁለተኛው አላነሳሁም።