የእርሳሱ ሒሳብ

እርሳስ ለማቅለጥ ትልቅ ምድጃ አያስፈልግም። በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ይህን ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማቅለጫ በቀላሉ ይሰጣል። የዓሣ መንጠቆው በአሉሚኒየም ሞልድ ውስጥ ይጋደማል፣ ሞልዱ ይዘጋል፣ እርሳሱ ይፈስበታል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሲከፈት ጭንቅላቱ የሚያብረቀርቅ ጂግ ይወጣል። ይህን ያህሉን በአንድ ከሰዓት በኋላ መማር ይቻላል። እርሳሱ ከልጅ አፍ፣ ከገዛ ደማችንና ከሐይቅ ወፍ ሆድ እንዳይገባ አድርጎ መሥራት ግን ሌላ ትምህርት ነው። የዚህ ሥራ ሙያ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

የምኖረው ሚኔሶታ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን አለን፤ ዓሣ የምናጠምደው ግን ጥቂቶች ነን። ግዛቲቱ ከ10 ሺህ በላይ ሐይቆች አሏት። በሜይ ወር አጋማሽ የዋልአይ ወቅት ሲከፈት አገሬው ጀልባውን ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ሰሜን ይነዳል። ዋልአይ ብዙውን ጊዜ ከታች፣ ወለሉን ተጠግቶ የሚውል ዓሣ ስለሆነ መንጠቆው ክብደት ይፈልጋል። ጂግ የሚባለው ክብደቱና መንጠቆው አንድ አካል የሆኑበት ማጥመጃ ነው፤ ወለሉን ነክቶ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል፣ ዓሣውም ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወድቅ ነው። ድንጋይ ባለበት ግን ጂጉ ይሰነቀራል፣ ክሩም ይበጠሳል። በሚሲሲፒ ወንዝ ከግድቦቹ ሥር የሚያጠምድ ሰው በአንድ ጠዋት የሚያጣው ጂግ ኪሱን ይጎዳዋል። ብዙዎቻችንን ወደ ማቅለጫው የሚወስደን ይህ ነው። እኔን ደግሞ መንጠቆውም አመጣኝ፤ ከመደብር የሚገዛው ሩብ አውንስ ጂግ ላይ ያለው መንጠቆ ለትልቅ ዓሣ ይቀጥንብኛል። ራሴ ስሠራ የምፈልገውን መንጠቆ በምፈልገው ክብደት ላይ አደርጋለሁ።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ወደ ማቅለጫው የሚገባውን እርሳስ እመዝናለሁ። ለዚሁ ብቻ የተለየ ሚዛን አለኝ፤ ወደ ኩሽና አይገባም። ስጨርስ ጂጎቹን (የመንጠቆውን ክብደት ቀንሼ)፣ ከሞልዱ አፍ የተቆረጠውን ትርፍ፣ ማቅለጫው ውስጥ የረጋውንና ከቀለጠው ላይ በጣሳ የሰበሰብሁትን ገለፈት እመዝናለሁ። ገቢና ወጪው ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ገለፈቱ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ክብደት ይጨምራል። ለእኔ ዋናው ነገር ልማዱ ነው። ጠረጴዛው ሥር የወደቀው ፍንጣሪ፣ ጓንቱ ላይ የተጣበቀው፣ ከጭልፋው ጠርዝ የተንጠባጠበው ሁሉ ካልተለቀመ ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ሒሳቡ ሳይዘጋ ደግሞ የጋራዡን መብራት አላጠፋም።

እርሳሱ ከየት ይገኛል? ከአሮጌ ጣሪያና ቧንቧ የወጣ ለስላሳ እርሳስ ለጂግ ከሁሉም ይሻላል፤ ጥርት አድርጎ ይሞላል፣ በቀላሉም ይቆረጣል። ከጎሚስታ የሚገኘው የጎማ ሚዛን ማስተካከያ ክብደት አንቲሞኒ ስላለበት ጠንከር ይላል። በዚያ ላይ ዛሬ ከእርሳሱ ጋር ዚንክና ብረት ተደባልቆ ይመጣል። ዚንክ የሚቀልጠው ወደ 420 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማቅለጫውን ከ400 በታች ካቆዩት ሳይቀልጥ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ተጠልፎ ይወጣል። አንዴ ከቀለጠ ግን እርሳሱን እንደ ገንፎ ያወፍረዋል፣ ሞልዱንም በደንብ አይሞላም። የመኪና ባትሪ እርሳስ ፈጽሞ አይነካም። አሲድ አለበት፤ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ያለው አርሴኒክና አንቲሞኒም ቆይቶ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈተንበታል፤ ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሳልታክት እደግመዋለሁ።

ዓይን የሚያጠፋው ውሃ ነው። አንዲት ጠብታ ከቀለጠ እርሳስ ሥር ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ ያ ኃይል ከላዩ ያለውን እርሳስ ሁሉ አንሥቶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ከሐይቅ የተለቀመ አሮጌ የእርሳስ ክብደት ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ይደብቃል። ከጓሮ የመጣ ቁራጭ ጤዛ ይዟል። ከግንባር የሚንጠባጠብ ላብ እንኳ ይበቃል። ስለዚህ እርሳሱን የምጨምረው ማቅለጫው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ አብሮ እየሞቀ ይደርቃል። በሥራ መሐል መጨመር ካስፈለገ ቁራጩን አስቀድሜ ከማቅለጫው ጠርዝ አጠገብ አስቀምጬ በደንብ አሞቀዋለሁ። ጭልፋውም ሞልዱም እንደዚሁ ሞቀው ነው ወደ እርሳሱ የሚቀርቡት። ዝናብ ባለበት ቀን በሩን ከፍቼ አልሠራም፤ በሩን ዘግቼም አልሠራም፤ ማለት በዚያ ቀን ሥራ የለም። ፊቴን የሚሸፍን ግልጽ መከለያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ ሱሪው ከላይ የወረደበት የቆዳ ጫማ አደርጋለሁ። ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ጭሱን ነው። እውነት ነው፣ አየር ያስፈልጋል፤ ነፋሱ ከጀርባዬ ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጌ እቆማለሁ፤ ሙቀቱንም ከ370 ዲግሪ አካባቢ አላሳልፍም። በዚህ ሙቀት ከእርሳሱ የሚነሣው ተን በጣም ጥቂት ነው፤ ሙቀቱ 500 ሲጠጋና ሲያልፍ ነው እያደገ የሚሄደው። በእንዲህ ያለ የቤት ሥራ ይበልጥ የሚያሰጋው አቧራው ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው ግራጫ ገለፈት ሲጠለፍ ይረግፋል፣ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ይበናል፣ ጠረጴዛና ጫማ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ገለፈቱን ስጠልፍ ፒ-100 ማጣሪያ ያለው ጭምብል የማደርገው ለዚህ ነው። ወለሉን በደረቁ አልጠርግም፤ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጨርቁም ታስሮ ከገለፈቱ ጋር ይቀመጣል።

የእኛ ቤት ደግሞ የእጅ ቤት ነው። እንጀራው በእጅ ይቆረሳል፣ ጉርሻው በእጅ ይሰጣል። ሹካ የሚጠቀም ሰው ጣቱ ላይ የቀረውን ትንሽ አቧራ ምናልባት ሳይበላው ይቀራል፤ እኛ ግን በወጡ አርሰን እንበላዋለን። ከዚያም የምንወደውን ሰው እናጎርሳለን። ከእኔ ጋር የሚያጠምድ አንድ ወጣት ይህን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ጓንት አድርጌ ነው እኮ የሠራሁት፤ እጄን ምን ነካው?» አለኝ። «ጓንቱን በምን እጅህ አወለቅኸው?» አልሁት። ዝም ብሎ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ሲሠራ ጓንቱን አውልቆ ሲያበቃ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥፍሩን በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ እኔ ማስታወስ አላስፈለገኝም። ተራ ሳሙና እርሳስን ሙሉ በሙሉ አያነሣም፤ ለዚሁ የተሠራ የእርሳስ ማስለቀቂያ ሳሙና በአሜሪካ መደብሮች ይሸጣል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። በሥራው መሐል ውሃ አልጠጣም፣ ቡና አይቀርብልኝም፣ ስልኬን አልነካም። ስልኩ ከጋራዥ ወጥቶ ሕፃን እጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከጾም ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሲነገር አልሰማሁም። ባዶ ሆድ የገባበትን እርሳስ ከጠገበ ሆድ በብዙ እጥፍ አብልጦ ወደ ደም ያሳልፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ቀን እርሳስ አላቀልጥም፤ በሌላውም ቀን በልቼ ነው የምጀምረው። ካልሲየምና ብረት የጎደለው ሰውነትም እንዲሁ ብዙ እርሳስ ይወስዳል፤ ምክንያቱም እርሳስ የካልሲየምን መንገድ ተከትሎ ይገባል፣ አጥንት ውስጥም ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ አጥንቱ ካልሲየም ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ይወጣና ለልጁ ይደርሳል። ልጆች ደግሞ ከሚውጡት እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ያህል ሊወስዱ ይችላሉ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በልጆች ደም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ የሚመዘንበትን ልክ ወደ 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ዝቅ አድርጎታል፤ ይህም ከዚህ በታች ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ ጉዳት የማያስከትል መጠን አልተገኘም። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የምንኖር ከሆነ ደግሞ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሮጌ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅ ከጋራዡ የሚመጣ አቧራ ሊጨመርበት አይገባም። የሥራ ጫማዬ ከጋራዡ አይወጣም፤ ልብሴ ለብቻው ይታጠባል፤ ማቅለጫው እየሠራ ልጅ በበሩ አያልፍም፤ በዚህ ላይ ልመና አልሰማም።

ስለ ማፍሰሱ ልናገር፤ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። የሞልዱን ውስጥ በሻማ ጥላሸት በስሱ አጠቁራለሁ፤ እርሳሱ ወደ ጠባቡ ጥግ ሁሉ እንዲገባ ይረዳዋል። የቀለጠው ላይ አተር የምታህል ሰም እጥልና አማስላለሁ፤ ሰሙ ይነድና ከገለፈቱ ጋር ሊባክን የነበረውን እርሳስ መልሶ ይሰጣል። (በዚህ ሰዓት እሳት ድንገት ቦግ ይላል፤ ፊትን ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል።) የመጀመሪያዎቹ ጂጎች የተሸበሸቡ ናቸው፤ ሞልዱ ገና አልሞቀም። ወደ ማቅለጫው ይመለሳሉ። ሞልዱ ሲሞቅ ጂጉ እንደ መስታወት ጠርቶ ይወጣል፤ አብዝቶ ሲሞቅ ደግሞ የጂጉ ላይ ውርጭ የለበሰ ይመስላል፤ ያኔ ሞልዱን ከፍቶ ማረፍ ነው። ማፍሰሱ ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ መሆን አለበት፤ ከቆመ ጭንቅላቱ ላይ መስመር ይቀራል። ይህን በጆሮም በእጅም የሚያውቁት ከብዙ ማፍሰስ በኋላ ነው። አንዱ ጂግ ከሌላው ጋር በሚዛን ሲገጥም ዓሣ የተያዘ ያህል ደስ ይለኛል።

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ በእኔ እጅ ነው። ጂጉ ሐይቅ ሲገባ ግን ከእጄ ይወጣል። የሚኔሶታ ምልክት የሆነው ሉን የሚባለው ወፍ ዓሣውን የሚፈጨው ከሐይቁ ወለል በሚውጣቸው ጠጠሮች ነው። ከጠጠሩ ጋር የተበጠሰ ጂግ ይለቅማል፤ ወይም ጂግ አፉ ላይ የቀረበትን ዓሣ ይውጣል። በሆዱ ውስጥ ጠጠሩ እርሳሱን ይፈጨዋል፣ አሲዱ ያሟሟዋል፤ አንዲት ትንሽ ጂግ በሳምንታት ውስጥ ትገድለዋለች። በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች የሞቱ ሉኖች ሲመረመሩ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ሆኖ ተገኝቷል። ሉን ወላጅ ለመሆን ብዙ ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት አንድ የሞተ አዋቂ በቶሎ አይተካም። እንግሊዝ ስለ ዝይ መሰሎቹ ስዋኖች ብላ በ1987 አነስተኛ የእርሳስ ክብደቶችን ከልክላለች፤ ማሳቹሴትስም ከ2012 ጀምሮ ከአንድ አውንስ በታች የሆኑትን በወንዝና በሐይቆቿ ከልክላለች። ሚኔሶታ ውስጥ ደግሞ ሰው በፈቃዱ እንዲለውጥ የሚያበረታታ የመንግሥት ዘመቻ አለ።

ከጂግ ሳጥኔ የጎደለው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ እሱን የሚለቅም ሰው የለም። ስለዚህ ወፉ ሊውጣቸው የሚችሉትን ትንንሾቹን ጂጎች ዛሬ የማፈሰው ከቢስመዝና ቲን ድብልቅ ነው። 58 በመቶ ቢስመዝና 42 በመቶ ቲን ሲሆን በ138 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ውሃን ለማፍላት ግን ይህም ከበቂ በላይ ስለሆነ የእርጥበቱ ጥንቃቄ አይቀርም። ዋጋው ከእርሳስ በብዙ ይበልጣል። ክብደቱም ይቀንሳል፤ በዚያው ሞልድ የሚወጣው ጂግ ከእርሳሱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን የሞልድ ቀዳዳ እጠቀማለሁ። ተሰባሪ ነው፤ ትርፉን በጉጠት ሲቆርጡ ጭንቅላቱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቀለም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ለእርሳስ ጂግ የምንጠቀመው የዱቄት ቀለም በ177 ዲግሪ ገደማ ስለሚጋገር የቢስመዙን ጂግ ምድጃው ውስጥ ያቀልጠዋል። እኔ የምቀባው በአየር የሚደርቅ ፈሳሽ ቀለም ነው፤ የጥፍር ቀለምም ይሆናል። ማቅለጫውና ጭልፋው የግድ አዲስ መሆን አለባቸው። በአሮጌው ማቅለጫ ጠርዝ ላይ የቀረ እርሳስ ቢደባለቅ ወፉን ለማዳን የወጣው ወጪ ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስብ ሰው የምመክረው በቀጥታ ከቢስመዙ እንዲጀምር ነው። እርሳስ ያቀለጠ ወይም የሚያቀልጥ ደግሞ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገርና ደሙን ያስመርምር፤ ልጆች ካሉት የእነሱንም። ገለፈቱና ጨርቁ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ ክዳን ባለው ጣሳ ታሽገው፣ «እርሳስ» ተብሎ ተጽፎባቸው ወደ ካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወሰዳሉ። ንጹሑን እርሳስ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይገዛዋል፤ የእኔን ትንንሽ የእርሳስ ጂጎች ከነመንጠቆአቸው ያስረከብሁት ግን ለካውንቲው ነው፤ ለሌላ አጥማጅ ብሰጣቸው የሚያርፉት ያው ሐይቁ ውስጥ ነበር።