ወርቅ የሌለው ሰም
ስለ «ማድሞዋዜል ስዊንግ» አጭር ሂስ

በጦርነት ጊዜ መሳቅ ነውር ነው ወይስ ስንቅ? ይህ ጥያቄ ሁለት ወገን አድርጎ ከመኝታ ክፍል እስከ ሻይ ቤት አከራክሮናል። ክርክሩን የጫረው አንድ አሮጌ የፈረንሳይ ፊልም ነው፤ ሪሻር ፖቲዬ ያዘጋጀው፣ ኢሬን ደ ትሬቤር የተወነችበት፣ የሬሞን ለግራን ኦርኬስትራ ያጀበው «ማድሞዋዜል ስዊንግ»። ለሕዝብ የቀረበው በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ፓሪስ በናዚ ጦር እጅ ሳለች ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። የክፍለ ሀገር ልጅ የሆነች ኮረዳ የስዊንግ ሙዚቃ ፍቅር ይዟት ፓሪስ ትገባለች፤ ትዘፍናለች፤ ይቀናታል። ዜማው ጆሮ ይይዛል፤ የልጅቷም እግር መሬት አይነካም። እሺ፣ ይህን አንነፍግም። ታዲያ ወራሪው ወታደር የት አለ? የዳቦው ሰልፍ፣ ፍርሃቱስ? በፊልሙ ውስጥ ፓሪስ የማንም ምርኮኛ አይደለችም።

በዚያው ዓመት ጁን ወር የፓሪስ አይሁዶች ቢጫ ኮከብ በልብሳቸው ላይ እንዲሰፉ ተገደዱ። በጁላይ በሁለት ቀን ብቻ ወደ 13,000 የሚጠጉ ታፈሱ። አንዳንድ ወጣቶች ግን በአዋጁ ለመሳለቅ የራሳቸውን ቢጫ ኮከብ ቀደው «ስዊንግ» ብለው ጻፉበት፤ ታሰሩም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው። በሸራው ላይ ጭፈራ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በልጆቹ ደረት ላይ ግን ቅኔ ሆነ።

ለውጫሌ ልጅ የቃል ሁለት ፊት እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው ምርጫ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጦሱም ዓድዋ አደረሰ። ጣልያን በ1928 ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሰምና ወርቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታየ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋይና አዝማሪ እያስለቀመ አስረሸነ። አዝማሪው አሳቂ ነበር፤ ግን ሳቁ ወርቅ ነበረው። «ማድሞዋዜል ስዊንግ»ን ግን የወራሪው ሳንሱር በሰላም አሳለፋት።

ከመካከላችን ተከራካሪዎቹ «ኧረ ተዉ! የተጨነቀ ሕዝብ ለአንድ ሰዓት ተኩል ጭንቁን ቢረሳ ምን አለበት?» ይላሉ። ምንም የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ በውጫሌ አድርጎ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ በር ዘግተን ከተቀመጥንበት ጨለማ ነፍሳችንን ያቆዩልን የአያቶቻችን ቀልዶች ናቸው። ግን እነዚያ ቀልዶች ስለ ተኩሱ ነበሩ እንጂ ተኩስ የሌለ አስመስለው የተወሩ አልነበሩም። እማማ ከመድፉ ጋር በስሙ እየጠሩ ይሰዳደቡ ነበር፤ እኛም ፈርተን ሳቅን።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ፊልሙ ዜማው ያማረ፣ ትወናው የቀለጠፈ ነው፤ ማየት አይጎዳም። ጉድለቱ ማሳቁ አይደለም፤ ሳቁ የተመልካቹን ኑሮ የማያውቀው መሆኑ ነው። ለመጪው የኪነት ምሽት ኮሜዲ ለምትጽፉ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንለምናለን። አሳቁን፤ እስኪያመን አሳቁን። ግን ያየነውን እንዳላየን አታድርጉን።