ጠቆር፣ ነጣ፣ ቀነስ

የካፌ ሜኑ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊ አለው፣ የቃላት ምርጫ አለው፣ የሚያጎላውም የሚደብቀውም ነገር አለው። ስለዚህ እንደማንኛውም ጽሑፍ ሊተች ይችላል። እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ሜኑ ሳነብ ሁለት ነገር አያለሁ፤ ቃሉን፣ ከቃሉ ጀርባ ደግሞ ሠንጠረዡን።

በዓለም ላይ በብዛት ከተነበቡት ሜኑዎች አንዱ የስታርባክስ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያትል ውስጥ ሲከፈት የተቆላ ፍሬ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ሃዋርድ ሹልዝ በ1983 ሚላኖ ሄዶ የጣሊያኖቹን የኤስፕሬሶ ቡና ቤቶች አየ፤ ቡና ቤቶቹ ላይ የነበረው ቋንቋ በኋላ ሜኑው ላይ ተለጠፈ። ‹ቶል› ማለት ረጅም ነው፣ ‹ግራንዴ› ትልቅ፣ ‹ቬንቲ› ደግሞ ሃያ፤ 20 አውንስ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር በላይ። ሰሌዳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ መጠን ‹ረጅም› የሚባለው ነው። ትንሽ የሚባል ነገር እንዳይኖር ተደርጎ የተጻፈ ጽሑፍ እኮ ነው!

ማኪያቶንም እዩት። በጣሊያንኛ ‹ጠብ ያለበት› እንደማለት ነው፤ ኤስፕሬሶ ላይ ትንሽ ወተት ጠብ ሲልበት። ስታርባክስ በ1996 ያወጣው ካራሜል ማኪያቶ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ቫኒላ ያለው ብዙ ወተት ላይ ቡና ጠብ ይላል። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ወተቱ ከጣሊያኑ ይበዛል፣ ስኒው ከአሜሪካኑ ያንሳል። አንድ ቃል፣ ሦስት መጠጥ። በአሜሪካኑ ላይ ይቺን ጽፌያለሁ፦

ትንሹን ‹ረጅም›፣ ብለው ሰየሙና፣
ጆግ ሙሉ ወተት ውስጥ፣ ጠፋችብኝ ቡና።

«ምርጫው ግን ብዙ ነው» ይባላል። እውነት ነው። 4 መጠን፣ 5 ዓይነት ወተት፣ 6 ሲረፕ እና 3 ዓይነት ቡና ያለው ሜኑ ቢኖር፣ ሲባዛ 360 መጠጥ ይወጣዋል። ሁሉም ግን ቀድሞ የተጻፈ ነው። የእኛ ድርሻ ከተደረደሩት ስሞች ላይ ጣት መጠቆም ብቻ ነው። ፍላጎት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል እንጂ።

አማርኛ ለዚህ ማዘንበል የሚሆን ቅርጽ አለው። ጠቆር ያለ ማለት ጥቁር ማለት አይደለም፤ ወደ ጥቁር የሄደ፣ ግን ያልደረሰ ነው። ነጣ ያለም እንደዚያው። ስኳር ቀነስ፣ ወተት በዛ፣ ሞቅ ይበል፣ ቀጠን ይበል። አንዳቸውም በግራም አይለኩም፣ ሁሉም ግን ይገባሉ። ለምን ቢባል የሚሰማ ሰው ስላለ ነው። «ጠቆር ይበል» ስንል አስተናጋጇ ከማሽኑ ኋላ ላለው ልጅ ታስተላልፋለች፤ እሱ ደግሞ በእጁ ይተረጉመዋል። በሦስተኛው ቀን ስትቀመጡ «እንደተለመደው?» ትላለች። ያቺ አንድ ቃል ውስጥ የሦስት ቀን መረጃ አለ፤ የትም አልተመዘገበም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም።

ወተቱ ይፈንጠቅ፣ ቡናው ጠቆር ይበል፣
ስኳሩ በጎን ይምጣ፣ ራሴው ላማስል፤
ልኬን ያንቺ እጅ ያውቃል፣ ሜኑው ግን አያውቅም፣
ዋጋ ይነግራል እንጂ፣ እኔን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ «ድሮ ቀረ» የሚል ዘፈን ልከፍት አይደለም። ለነገሩ የጀበና ቡና የግል ምርጫ የሚባል ነገር ብዙም አያውቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ የተቀዳውን ትጠጣለህ፣ በቃ። ጨው ወይም ቅቤ የሚገባበት አካባቢም የሚወስነው የቤቱ ልማድ ነው። ጎረቤት ቡና ጠርታህ «ለእኔ ቀጠን ይበልልኝ» ብትል ምን እንደምትባል ታውቃለህ።

ቀጠነ አይባልም፣ ወፈረ አይባልም፣
በጎረቤት ቡና፣ ሰው እንጂ ልክ የለም።

ጠቆር የሚለው ትዕዛዝ የለመለመው በካፌ ነው፤ ከጣሊያን በመጣ ማሽንና ከጣሊያን በመጣ ስም ላይ። ማለትም የከተማ ልጅ ባዕድ ዕቃ ተቀብሎ የራሱን ሰዋስው ጫነበት። ይሄ ለእኔ ትልቅ የፈጠራ ሥራ ነው፤ ደራሲው ግን ስላልታወቀ ማንም አላወደሰውም።

ስለዚህ ጥፋቱ ቅርንጫፍ ማብዛት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካም ዛሬ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ስታርባክስ እዚህ ሱቅ ባይኖረውም፣ የካልዲስን ክብና አረንጓዴ ምልክት ያየ ሰው እሱን ማስታወሱ አይቀርም፤ እንዲያም ሆኖ አስተናጋጁ «ጠቆር» ሲባል ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው ትዕዛዙ ከሰው ጆሮ ወጥቶ ታብሌት ውስጥ ሲገባ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ካፌ «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ» ብዬ ነበር። ልጁ ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋና «እሱ የለንም» አለኝ። ማሽኑ አለ፣ ወተቱ አለ፣ ቡናው አለ። የሌለው ቁልፉ ነው።

የሙያዬ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ዝግ ዝርዝር ለመቁጠር ይመቻል፣ ሪፖርት ይወጣዋል። ደንበኛው የፈለገውን የሚጽፍበት ክፍት ሳጥን ግን ሥርዓት ያዛባል፤ ስለዚህ ገጹ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ውሳኔው የቴክኒክ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን የቋንቋ ነው። ቁልፍ የሌለው ቃል ቀስ በቀስ የሚናገረው ያጣል። ከቃሉ ጋር የአስተናጋጇ ሙያም ይወድቃል፤ ልክ የምታውቀው ሰው፣ ቁልፍ የምትጫን ሰው ትሆናለች።

የቡና ቃል ዋጋ እንዳለው ደግሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረር እና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት ይሻላል እያለ ሲከራከር ቆይቶ በ2007 ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ያ ሁሉ ክርክር በሦስት ቃል ላይ ነበር! ይርጋጨፌ ስም ስለሆነ ይመዘገባል። ጠቆር ግን ስም አይደለም፤ ባለቤት የለውም፣ ጠበቃም አይቆምለትም። የሚኖረው ስንናገረው ብቻ ነው።

እንግዲህ የማዘዣ ገጽ የምትሠሩ ጓዶች፣ ከታች አንዲት ክፍት ሳጥን ተዉልን፤ የተጻፈውም ማሽኑ ጋ ያለው ልጅ ዘንድ ይድረስ። የምትጠጡ ደግሞ፣ ሜኑው ላይ ባይኖርም የምትፈልጉትን በአፋችሁ ተናገሩ። «የለንም» ካሏችሁም ደግማችሁ በሉት፦ ጠቆር ይበል።