የባለ እጅ ብረት እንዴት ይታያል

የእስራኤሏ ነታንያ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአልማዝ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። የድንጋዩን ጥራት አይቶ የሚለይ ሰው እዚህ ይከበራል። የጎንደርን ብረት የሚለይ ሰው ግን ማንም ሳይጠይቀው በየሕንፃው ውስጥ ያረጃል። አባቴ ከነዚህ አንዱ ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ሲጓጓዙ እሱም ባዶ እጁን መጣ። የሠራው አንድ ማጭድ ከዓመታት በኋላ በዘመድ በኩል ደረሰን። ብረት ማየት የተማርኩት በዚያ ማጭድ ነው።

መጀመሪያ ብረቱ ከምን እንደመጣ ይታያል። ባለ እጅ ያገኘውን ነው የሚቀጠቅጠው። የግንባታ ፌሮ ለመዶሻ ይገራል፣ ስለት ግን አይይዝም። የመኪና ባሌስትራ ያስቸግራል፤ ከተሸነፈ ግን ስለቱ ይቆያል። ሞረድ አስኪዱበት፦ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ጥንካሬ ብቻውን አያስመሰግንም። ግሎ ውኃ ውስጥ የተነከረ ባሌስትራ እንዲሁ ከተተወ እንደ ሸክላ ይሰበራል። አባቴ ከነከረው በኋላ ጠርዙን ፈግፍጎ በፍሙ ዳር ዳግም ያሞቀው ነበር፤ ቀለሙ ገለባ ሲመስል ያወጣዋል። ትንሽ ከዘገየ ስለቱ ይለሰልሳል። ለዚህ ሁሉ መለኪያው ዓይኑ ብቻ ነበር።

የባለ እጅ ጎጆ ጨለማ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ በደንብ አይለይም። ጎረቤት ግን ለዚያ ጨለማና እሳት ሌላ ስም ሰጠው፤ ቡዳ አለን። ርስት የተከለከለ ሰው መዶሻ ቢይዝ ምን ያስደንቃል? ቀን ሲሸሸን የዋለ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ማታ ደጃችን ይቆም ነበር፤ ዋጋውንም በአዝመራ ጊዜ በእህል ይከፍላል።

ቀጥሎ ማጭዱን አንጠልጥሎ በጥፍር መምታት ነው። ድምፁ ጠርቶ ከቆየ ስንጥቅ የለበትም።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው አላለቁን ነው። መጥፎ ብረት አንድ ቦታ ተጎርሶ፣ ሌላ ቦታ ወፍሮ ያልቃል። የእኛ ማጭድ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል ሳስቶ ዛሬ የጣት ስፋት ነው የቀረው። ጀርባው ላይ ደግሞ በኋላ የተመታ የመዶሻ ምልክት አለ፤ ባለቤቱ ለማሳል መልሶ አምጥቶታል ማለት ነው። የማይረባ ሥራ ይጣላል እንጂ ወደ ሠሪው አይመለስም።

አባቴ እዚህ ከመጣ በኋላ ወናፍ አልነፋም። ጡረታ እስኪወጣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ወለል ጠረገ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። የወንድሜ ልጅ አሁን ብረታ ብረት ቤት ቶርኖ ላይ ይሠራል። ማጭዱን ሳሳየው ካሊፐሩን አስቀምጦ በጥፍሩ መታውና ጆሮውን አስጠጋ። ከማን እንዳየ ጠየቅሁት።

«አባባ ገበያ ውስጥ ቢላ ሲገዛ እንዲህ ያደርግ ነበር» አለኝ።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ብረት ካለ ቀለም አትቀቡት፣ በማሽንም አታስወልውሉት፤ የመዶሻው ምልክት ይጠፋል። ዘይት አስነኩትና በሕይወት ላለ ባለ እጅ አሳዩት፤ ሲናገርም ድምፁን ቅዱ።