ሹሩባ ይፈታል፣ ድሬድ አይፈታም

ድሬድ ለማሳደግ የወሰነ ሰው፣ ቢቸና ላይም ይሁን ሞጣ፣ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በሳምንት ስንት ጊዜ ቅቤ ልቀባ?» ጥያቄው አይገርምም። ለጋ ቅቤ በምሥራቅ ጎጃም የራስ መድኃኒት ነው። አራስ ትቀባዋለች፤ ሙሽራ ትቀባዋለች፤ ራሱን የከበደው ሰው አናቱ ላይ ጣል ይደረግለታል። እናትም አያትም የደረቀ ፀጉር ሲያዩ «ቅቤ አጥቶ ነው» ይላሉ፤ ልጅም አምኖ ይቀበላል። እኔ ከዚህ መልስ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ጠቤ ከቅቤው ጋር አይደለም፤ ለሹሩባ የተበጀውን ሥርዓት እንዳለ አንስቶ ድሬድ ላይ ከሚጭነው ልማድ ጋር ነው። በማደግ ላይ ያለ ድሬድ እንዲለሰልስ የሚያሻው አንደኛም ውሃ፣ ሁለተኛም ውሃ ነው፤ ቅባት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በጠብታ ነው። ይህን ስል ብዙ የሙያ ባልደረባ እንደሚቃወመኝ አውቃለሁና ምክንያቴን ላስረዳ።

የአገራችን የፀጉር አያያዝ ብልሃት ያለው ነው። ፀጉር ይታጠባል፣ በሚዶ ይበጠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ይሠራል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሠራል። የዚህ ሁሉ ቁልፍ መፈታቱ ነው። ከጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይነቀላል፤ ሹሩባው ሲፈታ ያ ሁሉ ከሚዶው ጋር ይወጣል። ያረጀው ቅቤ፣ አቧራው፣ የጭስ ጠረኑም አብሮ ይሄዳል። ቅቤ በሹሩባ ላይ በጎ የሆነው መውጫው ቀን ስለሚታወቅ ነው። ድሬድ ይህ ቀን የለውም። የተነቀለው ፀጉር ሳይወጣ እዚያው ይጠመዘዛል፤ ድሬዱን የሚያወፍረውና የሚያጠነክረውም ይኸው መውጫ ያጣ ፀጉር ነው። እንግዲህ ፀጉሩ የማይወጣበት ቦታ የገባ ቅቤ በምን በኩል ይወጣል? «አያቶቻችን ሁሌም ይቀቡ ነበር» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። አያቶቻችን ይቀቡ ነበር፤ ግን ይፈቱም ነበር። የሥርዓቱን ግማሽ ይዞ ግማሹን ጥሎ በአያት ስም መማል አይገባም።

ከዚያ ደግሞ ቅቤው ራሱ ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። የተናጠ ቅቤ ከመቶ 80 እጅ ግድም ስብ ነው፤ የቀረው ውሃና የአሬራ ርዝራዥ ነው። ስብ ፀጉርን አያረጥብም፤ አስቀድሞ የገባው እርጥበት እንዳይተን ይይዛል እንጂ። ባዶ እንስራ ቢከድኑት ውሃ አይሞላም፤ የደረቀ ፀጉርም ቅቤ ስለተቀባ አይርስም። ፀጉር ደረቀ የሚባለው በቂ ውሃ ሳይዝ ሲቀር ነው፤ ዕድሉን ካገኘ ግን የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ ውሃ መምጠጥ ይችላል። በሉጫ ፀጉር ላይ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በየጥቅልሉ እየተገታ ሥሩ ላይ ይቀራል። የተጠመዘዘ ድሬድ ከዚያም የባሰ ነው፤ ሥሩ ወዝ ጠግቦ ጫፉ ይነጣል። ቅቤ የሚቀባ እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው አናት ላይ ነው፤ ወዝ ላለው ወዝ ይጨምራል። በራስ ቆዳ ላይ የሚኖረውና ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ፈንገስም የሚመገበው ስብ ነው። ፎረፎር አልለቀው ሲል ቅቤ የሚጨምር ሰው ጠላቱን እየቀለበ ነው።

አገሩም ለዚህ ልማድ አይመችም። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያረፉ ደጋማ ከተሞች ናቸው። የወተት ስብ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የራስ ቆዳ ይህን ሙቀት ይሰጣል፤ ከቆዳው አንድ ስንዝር ርቆ የተንጠለጠለው ድሬድ ግን የሚያገኘው የሞጣን የጧት ብርድ ነው፤ እዚያ ቅቤው ይረጋል። በጥምዝምዙ መሐል የረጋ ስብ ውሃ አያስገባም፣ በቀዝቃዛ ውሃም አይለቅም፤ ውሎ አድሮ ይበላሻል፣ ይሸታል። በዚህ ላይ ጋቢ አለ። ጧትና ማታ እስከ አናቱ የሚከናነብ ሰው ቅቤ የጠጣው ድሬዱ የጥጡን ብናኝ ይለቅምበታል፤ ብናኙ አንዴ ወደ ውስጥ ከተጠመዘዘ ደግሞ በእጅ ተለቅሞ አያልቅም። በጋ ሲገባ አየሩ ይደርቃል፤ ፀሐዩም በከፍታው ምክንያት ይበረታል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራልና። ፀጉሩ ሲደርቅበት ሰው ቅቤ ይጨምራል። ቅቤው ሲከማች ለስላሳ ሻምፖ አይበቃውምና የልብስ ሳሙና ይመጣል። የልብስ ሳሙና አልካላይ ስለሆነ የፀጉሩን ቅርፊት ከፍቶ የባሰ ያደርቀዋል፤ የደረቀው ፀጉርም እንደገና ቅቤ ይጠይቃል። «ድሬድ አይስማማኝም» ተብሎ የሚላጨው ራስ ብዙ ጊዜ የዚህ አዙሪት ሰለባ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ቅቤውን ትተው ሰም ይመርጣሉ፤ «ይይዛል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይይዛል፤ መያዝና መጠንከር ግን ለየቅል ናቸው። ድሬድ የሚጠነክረው ፀጉር ከፀጉር ጋር ሲፋተግ ነው። ቅርፊቱ ከቅርፊት እየተያያዘ፣ የተነቀለው በቀረው ላይ እየተጠመጠመ ይጠብቃል። ቅባት የሚቀንሰው ይህንኑ ፍትጊያ ነው፤ ሰም ደግሞ ላይ ላዩን አጣብቆ የጠነከረ ያስመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ልል ነው። ይህ ችግር በኛ ሰው ላይ ይበልጥ ይታያል። በደጋው አማራ ዘንድ ዞማና ልል ጥቅልል ፀጉር ብዙ ነው፤ ከጃማይካም ሆነ ከአሜሪካ የሚመጣው ምክር የታሰበው ጥቅልሉ በጣም ለጠበቀ ፀጉር ነው። ከርዳዳው ፀጉር ቅባት ቢበዛበትም ራሱን ይዞ ይቆማል፤ ልሉ ግን ይንሸራተታል፣ ይፈታል። የተፈታውን እንደገና ለመያዝ ባለቤቱ በየሳምንቱ ያስጠመዝዛል፤ ያ ጉተታ ደግሞ የግንባርን ዳር ያሳሳል፣ ከበረታም ሥሩን ጨርሶ ይገድላል። የጃማይካ ሰው የሚኖረው በእርጥብ የባሕር አየር ውስጥ እንደሆነም አንርሳ። እዚያ አየሩ ለፀጉር የሚሰጠውን ውሃ እዚህ በእጃችን መስጠት አለብን።

ከሁሉም ተደጋግሞ የሚመጣው ተቃውሞ የባህታውያን ምሳሌ ነው። «ውሃ ሳይነካቸው ፀጉራቸው እስከ ወገብ ይደርስ የለም ወይ?» ይባላል። ይደርሳል። ነገር ግን ባህታዊው ፀጉሩን የተወው ለእንክብካቤ ሳይሆን ለምናኔ ነው፤ መልኩ እንዲያምር አይጠይቅም፣ ቢላበድ ቢያያዝም ግድ የለውም። ደግሞም አለመታጠቡን እንጂ ቅቤ አለመቀባቱን ማንም አያነሳም። ምንም ያልገባበት ፀጉር የሚበላሽ ነገር የለውም። ሌሎች አርበኞቹን ይጠራሉ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ፀረ ጣሊያን ተጋድሎ፣ በላይ ዘለቀ በመራው የቢቸና ምድር ጭምር፣ ጎፈሬ ያሳደጉትን። የዚያን ዘመን አርበኞች ፎቶግራፍ ያየ ሰው ፀጉሩ የቆመና የተበተነ መሆኑን ይመለከታል። ጎፈሬ በሚዶ ተነቅሶ የሚቆም ፀጉር ነው፤ እንደ ሹሩባ ሁሉ ይከፈታል፣ አየር ያገኛል። ክብሩ ለድሬድ ይተርፍ ይሆናል፤ አያያዙ ግን አይተርፍም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ውሃን ራሱን የሚመለከተው ነው። አዲስ የተጠመዘዘ ፀጉር ሲታጠብ ይፈታል፤ የክረምት ዝናብና ጉም ባለበት ከተማ ደግሞ የራሰ ድሬድ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚጠይቁት ጥንቃቄን እንጂ ውሃ መተውን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን በቀጭን ስቶኪንግ ሸፍኖ፣ በብዙ ውሃ የቀጠነ ሻምፖ በላዩ አፍስሶ፣ ሳያሹ በጣት ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ ማጠብ ይቻላል። ጥቂቱ ይፈታል፤ የተፈታው ተመልሶ ይጠመዘዛል፤ ንጹሕ ፀጉር ከቅባታሙ ፈጥኖ ስለሚያያዝ ኪሳራ የለውም። በበጋ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን፣ በክረምት አራርቆ፣ ሁልጊዜም ረፋድ ላይ ማጠብ ነው፤ ፀሐይ የወጣበትን ቀን መጠበቅ። ከዚያ በፎጣ እየጨመቁ ውሃውን ማውጣት። ድሬዱ ሳይደርቅ መተኛትና በእርጥቡ ጋቢ መከናነብ ክልክል ነው፤ የሻጋታ ሽታ የሚመጣው በመታጠብ ሳይሆን ባለማድረቅ ነው። በመታጠቢያ ቀናት መሐል በበጋ ጧት ጧት ከመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ጫፍ ጫፉ ላይ ርጭት ማድረግ በቂ ነው። ይህ የሚፈልገው አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ ስለሆነ «ውሃ የለንም» የሚለው ሰበብም አያዛልቅም።

በውሃው ላይ ምን ይጨመር ለሚለው መልሱ ቅርብ ነው፤ ተልባ። የደጋው ገበሬ የሚዘራው ተልባ ሲፈላ የሚያወጣው ልሃጭ ውሃ ይይዛል፣ ፀጉሩን ስስ አድርጎ ይለብሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተራ ውሃ ታጥቦ ይወጣል። ትኩስ ሳለ በቀጭን ጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳል፤ ሲቀዘቅዝ ጨርቁ አያሳልፈውም። ወፍሮ ከተቀባ እንደ ፎረፎር ይፈረፈራል፤ ለጥቂት ቀን ካልሆነ አይቀመጥም። ሌላ ጉድለት የለውም። ዘይት የግድ ካስፈለገ የኮኮናት ዘይት ይሻላል፤ ህንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከማዕድንና ከሱፍ ዘይት ተለይቶ የፀጉርን የፕሮቲን መሸርሸር የሚቀንሰው እሱ መሆኑን አሳይተዋል፤ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው። እርግጥ እሱም ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋልና ይኸው የቅቤ ነቀፌታዬ ሊመለስብኝ ይችላል። ለዚህ ነው ጠብታ ያልኩት፤ በመዳፍ ቀልጦ እርጥብ ጫፍ ላይ የሚዳሰስ እንጂ የሚለሰን አይደለም። የኑግ ዘይትን አልመክርም፤ አየር ሲያገኘው ቶሎ ተበላሽቶ ይጣበቃል። ቅቤንም ጨርሼ አላባርርም። ድሬድ ከመጀመሩ በፊት ባለው የመጨረሻ እጥበት ዋዜማ፣ ፀጉሩ ገና ተበትኖ ሳለ፣ ከአደስ ጋር የተቀባ ለጋ ቅቤ አድሮ ቢታጠብ ማን ይጠላል? ቅቤ መግቢያውም መውጫውም ያለው ያን ቀን ነው።

ይህን ያህል የምሟገተው ስለ አንድ ቅባት ብቻ አይደለም። የፀጉር ሥራ ዋጋ የሚተመነው በሚታየው ነው፤ ለመጠምዘዝ ይከፈላል፣ ለማጠብ አይከፈልም። ስለዚህ ባለሙያው ይጠመዝዛል፣ ይቀባል፣ ያብለጨልጫል፤ ደንበኛው ተደስቶ ይወጣል። በሹሩባ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ የሠሪዋ ስሕተት በሁለት ሳምንት ይፈታል። የድሬድ ሠሪ ስሕተት ግን አይፈታም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ድሬድ ጫፉ ላይ የያዘው ከሦስት ዓመት በፊት የተቀባውን፣ የታጠበበትን፣ የተጎተተበትን ነው። ለእኔ የዚህ ሙያ ክብደቱም ደስታውም እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ በሰው ራስ ላይ የምሠራው ሥራ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይጠይቀኛል። በከተሞቻችን ድሬድ ያሳደገ ወጣት ገና ሳይናገር «ዱርዬ» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ ላይ የሚሸት ፀጉር ብናስታቅፈው ስሙን ያጸደቅነው እኛ ነን። ንጹሕ፣ ቀላል፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ድሬድ ማሳደግ ግን ከማንም ጋር ሳይጨቃጨቁ መልስ መስጠት ነው። ስለዚህ ባልደረቦቼን የምለው ይህ ነው፤ ለማጠብ ዋጋ አውጡ፣ ለማድረቅ ጊዜ ስጡ፣ ድሬድ ልጀምር ብሎ የመጣውንም ስለ ቅቤ ከመነጋገራችሁ በፊት ውሃ የሚያገኝበትን ቀንና ሰዓት ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሹሩባ ይሠራ፤ እሱም ያምራል።